ሜክሲኮ፦ ከውጫሌ የጀመረ የአደባባይ ስም

ከወልድያ ተነስቶ በሲሪንቃ፣ በመርሳና በውርጌሳ አድርጎ ወደ ደሴ የሚሄድ መንገደኛ ሐይቅ ከመድረሱ በፊት ውጫሌን ያልፋል። የአዲስ አበባው ሜክሲኮ አደባባይ ስሙን ከየት አመጣው ብሎ ለሚጠይቅ ሰው ታሪኩን ከዚህችው ከተማ መጀመር ይሻላል። የሜክሲኮ ሰዎች ወደ ታሪኩ የሚገቡት በኋላ ነው።

ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በውጫሌ አካባቢ፣ ይስማ ንጉሥ በተባለው ስፍራ፣ ዳግማዊ ምኒልክ ከጣሊያኑ መልእክተኛ ከአንቶኔሊ ጋር ውል ተዋዋሉ። የውሉ 17ኛ አንቀጽ በአማርኛው፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ የጣሊያንን አጋዥነት ቢፈልጉ ይችላሉ ይላል፤ የጣሊያንኛው ግን ግዴታ አደረገባቸው። የዚህን መጨረሻ ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል፤ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ ዓድዋ። ለእኛ በዚያ ተቋጨ። ለተሸናፊው ግን ቂም ሆኖ አርባ ዓመት ቆየና መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የሙሶሊኒ ጦር መረብን ተሻገረ።

የወሎ ሰው የዚህን ጦርነት የመጨረሻ ወራት በደጁ ነው ያየው። መጋቢት 22 ቀን ማይጨው ላይ የንጉሠ ነገሥቱ ጦር ከተፈታ በኋላ ጠላት በቆቦና በወልድያ በኩል ወረደ፤ ሚያዝያ 7 ደሴ ገባ፤ ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ። ዛሬ ከአስመራ ተነስቶ በወልድያና በመርሳ የሚያልፈውን፣ ጣርማ በርን በዋሻ ሰንጥቆ አዲስ አበባ የሚገባውን የመኪና መንገድ የዘረጋውም ይኸው ወራሪ ነበር። የዘረጋው ለእኛ ብሎ እንዳልነበረ ለማንም አይጠፋም።

ሜክሲኮ የምትገባው እዚህ ላይ ነው። ኢትዮጵያ የዓለም መንግሥታት ማኅበር አባል ነበረች። ማኅበሩ ጣሊያንን ወራሪ ናት ብሎ ማዕቀብ ጣለ፤ ጦርነቱን ሊያቆም ይችል የነበረውን ነዳጅ ግን ከማዕቀቡ ውጭ ተወው። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጄኔቫ ላይ ቆመው አቤት ካሉ በኋላ እንኳ ወሩ ሳይሞላ ያ ለስሙ የቆየው ማዕቀብ ተነሣ። ሁለት ዓመት ቆይተው እንግሊዝና ፈረንሳይ ወረራውን በሕጋዊነት ተቀበሉ። በፕሬዚዳንት ላሳሮ ካርዴናስ የምትመራው ሜክሲኮ ግን ማዕቀቡ እንዳይነሣ ተከራከረች፤ ወረራውንም በሕግ አላወቀችውም። እንዲህ ጸንተው የቆሙ መንግሥታት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ።

ምን አገባት? ብዙ ጊዜ ይህ ጥያቄ «ለፍትሕ የቆመች አገር ስለሆነች» በሚል ምስጋና ይታለፋል። መልሱ ግን ከምስጋና የጠነከረ ነው። ሜክሲኮ ራሷ የተወረረች አገር ናት። በ1848 እ.ኤ.አ. በተጠናቀቀው ጦርነት ከግዛቷ እኩሌታ የሚሆነውን አሜሪካ ወሰደችባት። በ1860ዎቹ ፈረንሳይ ጦር ልካ የኦስትሪያውን መስፍን ማክሲሚሊያንን ንጉሠ ነገሥት ብላ ሾመችባት፤ ሜክሲኮዎችም በ1867 እ.ኤ.አ. ይዘው ረሸኑት። በ1914 እ.ኤ.አ. ደግሞ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ቬራክሩዝ የተባለውን ወደቧን ያዘ። ጉልበተኛ በጦር የያዘው መሬት የእርሱ ይሁን የሚለው ደንብ አንድ ጊዜ ከጸደቀ ቀጥሎ ማን ላይ እንደሚመጣ ለማወቅ ሜክሲኮ አስተማሪ አላስፈለጋትም። ጄኔቫ ላይ ስለ ኢትዮጵያ ስትናገር ስለ ራሷም እየተናገረች ነበር። እኔ በበኩሌ ይህን ከንጹሕ ደግነት አስበልጬ አምነዋለሁ።

ከነጻነት በኋላ ሁለቱ አገሮች በ1949 እ.ኤ.አ. ዲፕሎማሲያዊ ግንኙነት መሠረቱ። ንጉሠ ነገሥቱ ሰኔ 1946 ዓ.ም. አሜሪካንና ካናዳን በጎበኙበት ጉዞ ሜክሲኮ ደረሱ። በሜክሲኮ ከተማ አንድ አደባባይ «ኢትዮጵያ» ተባለ፤ በአዲስ አበባም፣ ከለገሃር ወደ ልደታ የሚወስደው መንገድ ወደ ሳር ቤት ከሚወርደው ጋር የሚገናኝበት ስፍራ «ሜክሲኮ» ተባለ። ስም በስም ተመለሰ ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ቁጭት አለ። «ታሪካዊው አደባባያችን የመኪና መተላለፊያ ሆኖ ቀረ» የሚል። ቁጭቱ ይገባኛል፤ ግን ግማሹ ልክ አይደለም። ሜክሲኮ ሕዝብ ተሰብስቦ አዋጅ የሚሰማበት ሜዳ ሆኖ አያውቅም። ከመጀመሪያውም መኪና የሚዞረው ክብ ነበር፤ አደባባይ የምንለው ያንኑ ነው። የተሰየመው መስቀለኛ መንገድ ነው፤ መስቀለኛ መንገድ ደግሞ ከተማው ባደገ ቁጥር መጨናነቁ አይቀርም። በዙሪያው ተግባረ ዕድ ነበር፣ ኮሜርስ ነበር፣ ዋቢ ሸበሌ ሆቴል ተሠራ፣ የቡናና ሻይ መሥሪያ ቤት ገባ፣ ፖሊስ ገባ። ተማሪውም፣ ባለጉዳዩም፣ ሠራተኛውም ታክሲ የሚይዘው እዚያ ሆነ። ወደ ሳር ቤት፣ ወደ ጦር ኃይሎች፣ ወደ መገናኛ፣ ወደ ቦሌ ሰልፉ በየአቅጣጫው ተዘረጋ።

ከዚያ ባቡሩ መጣ። መስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ሁለት መስመርና 39 ጣቢያዎች አሉት። ከሰሜን ወደ ደቡብና ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚሄዱት መስመሮች አንድ ሐዲድ የሚጋሩት በአምስት ጣቢያዎች ብቻ ነው፤ ስታዲየም፣ ለገሃር፣ ሜክሲኮ፣ ተግባረ ዕድና ልደታ። ሜክሲኮ መካከለኛዋ ናት። ለዚህ ሲባል የቀድሞው ክብ ፈረሰ፤ ሐዲዱ በኮንክሪት ምሰሶ ላይ ከጭንቅላት በላይ አለፈ። ሜክሲኮ በስጦታ የላከችው የኦልሜክ ድንጋይ ራስ ቅጂ በ2002 ዓ.ም. አደባባዩ ላይ ቆሞ ነበር። ዋናዎቹ ሦስት ሺህ ዓመት ገደማ ያስቆጠሩ፣ ከአንድ ወጥ ባዝልት የተጠረቡ ግዙፍ ራሶች ናቸው። ስጦታው ከተተከለ ሁለት ሦስት ዓመት ሳይቆይ ቁፋሮው ደረሰ። ይኸው ባቡር በ2005 ዓ.ም. የአቡነ ጴጥሮስን ሐውልት እንኳ ከቦታው አስነሥቶታል። የእርሳቸው ግን ሕዝብ ጠየቀበት፤ በ2008 ወደ ስፍራው ተመለሰ። ስለ ሜክሲኮ ክብ የጮኸ ሰው ብዙ አልነበረም።

ባቡሩን የሠሩት ቻይናውያን ናቸው፤ ወልድያን ከወረታ ያገናኘውን፣ በድልብ ዳገት ወደ ጋሸና የሚወጣውን መንገድ የሠሩትም እነርሱ ናቸው። እርሱም ሕዝቡ እስከ ዛሬ «የቻይና መንገድ» የሚለው ነው። የመቐለው መንገድ ከዚህኛው የሚለይባት ወልድያ ራሷ መስቀለኛ መንገድ ያሳደጋት ከተማ ናት፤ ስለዚህ የስም ነገር እንዴት እንደሚሠራ ከእርሷ መማር ይቻላል። ወልድያ ውስጥ ጎንደር በር የሚባል ሰፈር አለ። ማንም አዋጅ አላወጣለትም፤ ወደዚያ የሚወስደው መንገድ የሚጀምርበት ነው። ሕዝብ ቦታን የሚሰይመው መንገዱ በሚያደርስበት ነው፤ መንግሥት ግን እንዲታወስ በሚፈልገው። ጎንደር በር ወደ ጎንደር ይወስዳል፤ ሜክሲኮ ወደ ሜክሲኮ አይወስድም።

ታዲያ የመንግሥት ስም ሆኖ ሳለ ለምን ሕዝብ ተቀበለው? አራት ኪሎ ያለው የድል ሐውልት የቆመበት ስፍራ ሚያዝያ 27 አደባባይ ነው፤ ስድስት ኪሎ ያለው፣ የግራዚያኒ ጭፍጨፋ ሰማዕታት ሐውልት የቆመበት ደግሞ የካቲት 12። ሐውልቶቹ ቆመዋል፣ በዓላቸውም በየዓመቱ ይከበራል፤ ግን «ሚያዝያ 27 ወራጅ አለ» የሚል ተሳፋሪ ሰምቶ የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ። መስቀል አደባባይን ደርግ አብዮት አደባባይ አለው፤ ደርግ ሲወድቅ ወደ ቀድሞ ስሙ ተመለሰ። ሜክሲኮ ግን ንጉሡም ደርጉም ኢሕአዴግም አልነኩትም። ምክንያቱ ለእኔ ግልጽ ነው። ቃሉ አጭር ነው፣ ረዳት በአንድ ትንፋሽ ይጠራዋል፣ ከሌላ ሰፈር ስም ጋር አይምታታም። ስሙን ያኖረው እኛ የምንቆጭበት ትርምስ ነው። የጠፋው ምክንያቱ ነው፤ ከላምበረት መናኸሪያ ወርዶ ሜክሲኮ የሚሄደው የመርሳ ልጅ ጎረቤቱ የሆነችው ውጫሌ በዚያ ስም ውስጥ እንዳለችበት የነገረው የለም።

ውቅያኖስ ማዶ ያለችው የአደባባዩ እህትም በዚያው መንገድ ሄዳለች። በሜክሲኮ ከተማ «ኢትዮጵያ» የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ የሆነው በ1980 እ.ኤ.አ. ነው፤ በኋላ ሌላ ስም ቢጨመርለትም የመጀመሪያውን አላጣም። ከላይ ደግሞ የከተማው ፈጣን አውቶቡስ ሁለት መስመሮች ይገናኙበታል። በዚያ ከተማ ባቡር ማንበብ ለማይችል ሰው ተብሎ እያንዳንዱ ጣቢያ የራሱ ሥዕል ተሰጥቶታል፤ የኢትዮጵያ ጣቢያ ሥዕል የአንበሳ ራስ ነው። ተሳፋሪው ታሪኩን ባያውቅም ይህ አንበሳ ምንድን ነው ብሎ የሚጠይቅበት ምልክት አለው።

የእኛው ጣቢያ እንዲህ ያለ ምልክት ያስፈልገዋል። ወጪው ትልቅ አይደለም። የከተማው አስተዳደርና ባቡሩን የሚያስተዳድረው ድርጅት ሰው በሚሰለፍበት ምሰሶ ላይ፣ በአማርኛ፣ በሦስት መስመር ይጻፉልን፦ በ1928 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ስትወረር ሜክሲኮ ወረራውን አልተቀበለችም፤ ይህ ቦታ ስለዚያ ተሰየመ።