ከበቅሎ ኮርቻ እስከ ሞተር

ለረጅም ጉዞ የተሠራ ፈጣን ሞተር ሳይክል የአስፋልት ልጅ ነው። ቡሬንና ፍኖተ ሰላምን የሚያገናኘው ጎዳና ይስማማዋል፤ ወደ ገጠር ሲታጠፍ ግን ነገሩ ይለወጣል። የጎጃም የጉዞ ታሪክ እንደሚያሳየው፣ እዚህ የሚያዛልቀው ፍጥነት ሳይሆን ከምድሩ ጋር መስማማትና እንክብካቤ ነው። ለዚህ ጣሊያንን ለማስወጣት ከተደረገው የ1933 ዓ.ም. ዘመቻ የተሻለ ማስረጃ አላይም። በዚያ ዓመት ጥር ወር አፄ ኃይለ ሥላሴ ከሱዳን በኦሜድላ በኩል ሲገቡ፣ አብሯቸው የዘመተው የጌዲዮን ጦር ስንቁን የጫነው በሺዎች በሚቆጠሩ የሱዳን ግመሎች ላይ ነበር። ዳገቱና ብርዱ ፈጃቸው፤ አዲስ አበባ የደረሱት እጅግ ጥቂት ናቸው። በበረሃ ወደር የሌለው እንስሳ ለደጋው አልሆነም።

ደጋውን የሚያውቀው በቅሎ ነው፤ እሱም ቢሆን ያለ ጥንቃቄ አይዘልቅም። ገጣባ እንዳይወጣው ኮርቻው በልኩ መሆን፣ ጀርባው መታየት አለበት። የግብርና ወይም የጤና ባለሙያው ሞተርም ሰንሰለቱ ካልተቀባ፣ የአየር ፊልትሮው ከበጋው አቧራ ካልጸዳ፣ የክረምቱ ጭቃ ካልታጠበለት መንገድ ላይ ይቀራል። «በቅሎ ሣር ይበቃዋል፤ ሞተር ግን ቤንዚንና መለዋወጫ ከባሕር ማዶ ይጠብቃል» የሚል ይኖራል። እውነት አለው። ግን በቅሎ አይወልድም፤ አህያና ባዝራ ካልተገናኙ አይገኝም፤ ስለዚህ ሲሞት ባለቤቱ እንደገና ገበያ ይወጣል። ሰጋር በቅሎ የመኳንንትና የታላላቅ ካህናት መለያ የሆነው በዚሁ ምክንያት ውድ በመሆኑ ጭምር ነው። ገበሬው (የበቅሎ ዘመን ናፋቂዎች ይህን ይረሳሉ) አብዛኛውን ጊዜ በእግሩ ነበር የሚሄደው።