የሆርሞን መዛባትና የጉበት ጤና

የሆርሞን መዛባት ማለት እጢዎች የሚያመነጩት ሆርሞን ሰውነት ከሚፈልገው መጠን ሲበዛ ወይም ሲያንስ የሚፈጠር የጤና ችግር ነው። ጉበት ብዙ ሆርሞኖችን የሚለውጥና ያገለገሉትን የሚያስወግድ አካል ስለሆነ የሆርሞን መዛባት ጉበትን፣ የጉበት ሕመምም የሆርሞንን ሥርዓት ሊያውክ ይችላል። የአዮዲን እጥረት በሚያጠቃቸው የኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች፣ በምዕራብ ጎጃም ፍኖተ ሰላምና ቡሬ አካባቢ ያለውን ገጠር ጨምሮ፣ ይህ ግንኙነት በይበልጥ የሚታየው በታይሮይድ እጢ በኩል ነው።

አዮዲንና እንቅርት

ታይሮይድ በአንገት ፊት ለፊት የሚገኝ እጢ ሲሆን ሆርሞኑን የሚሠራው ከአዮዲን ነው። በተራራማና ዝናብ በሚበዛበት አገር ጎርፍ አዮዲኑን ከአፈሩ ጠርጎ ስለሚወስደው በዚያ የሚበቅለው እህልና አትክልት አዮዲን ያንሰዋል። እጥረቱ ሲቆይ እጢው ያለውን ለማብቃቃት ያብጣል፤ ይህም እንቅርት ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2007 በታተሙ አገር አቀፍ ጥናቶች መሠረት በኢትዮጵያ ከ6 እስከ 12 ዓመት ካሉ ልጆች 40 በመቶ ያህሉ፣ በመውለድ ዕድሜ ላይ ካሉ ሴቶች ደግሞ 36 በመቶ ያህሉ እንቅርት ነበረባቸው።

ከኢትዮጵያና ኤርትራ ጦርነት በፊት አገሪቱ አዮዲን ያለበትን ጨው በአብዛኛው ከኤርትራ ታገኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ገበያውን የሞላው የአፍዴራ ጨው ለዓመታት አዮዲን ሳይጨመርበት ይሸጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 ለምግብ የሚውል ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት የሚያስገድድ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከተመረመሩት ቤተሰቦች 89 በመቶ ያህሉ አዮዲን ያለበት ጨው ይጠቀሙ ነበር።

እንቅርት ያለበት ሰው ሁሉ ሆርሞኑ የተዛባ አይደለም፤ የብዙዎቹ መጠን ጤናማ ነው። ሆኖም ለብዙ ዓመታት በቆየ እንቅርት ውስጥ የሚፈጠሩ እባጮች ከቁጥጥር ውጭ ሆርሞን ሊያመነጩ ይችላሉ።

ሆርሞኑ ሲያንስ

የታይሮይድ ሆርሞን ሲያንስ ጉበት ስብን የማቃጠልና ኮሌስትሮልን ከደም የማንሳት አቅሙ ይቀንሳል፤ ስብ በጉበት ውስጥ ሊከማችም ይችላል። የሐሞት ፍሰት ስለሚዘገይ የሐሞት ጠጠር የመፈጠር ዕድል ይጨምራል። ዋና ዋና ምልክቶቹ ድካም፣ ብርድ አለመቻል፣ የሆድ ድርቀትና የክብደት መጨመር ናቸው። በዚህ ሕመም ጡንቻም ስለሚጎዳ በደም ምርመራ ከፍ ብለው የሚታዩ አንዳንድ «የጉበት» ኢንዛይሞች ከጡንቻ የመጡ ሊሆኑ ይችላሉ።

ሆርሞኑ ሲበዛ

ሆርሞኑ ሲበዛ የጉበት ሕዋሳት የኦክሲጅን ፍላጎት ያድጋል፤ የደም አቅርቦቱ ግን በዚያው ልክ አይጨምርም። በዚህ የተነሳ የጉበት ኢንዛይሞች ከፍ ይላሉ፤ አንዳንድ ጊዜም ማሳከክና የዓይን ቢጫ መሆን ይከተላል። ሕመሙ ልብን ካደከመ ደም በጉበት ውስጥ ይጠራቀምና ጉበቱ ያብጣል። ፈጣን የልብ ምት፣ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ ላብና የምግብ ፍላጎት እያለ መክሳት የተለመዱ ምልክቶች ናቸው።

መድኃኒቱ ራሱ የሚያደርሰው ጉዳት

ለበዛ ሆርሞን በኢትዮጵያ በብዛት ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዱ ፕሮፒልታዮዩራሲል ነው። ይህ መድኃኒት ጥቂት ሰዎች ላይ ከባድ የጉበት ጉዳት ስለሚያደርስ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2010 ከፍተኛ ማስጠንቀቂያ እንዲለጠፍበት አድርጓል። ሜቲማዞል የተባለው አማራጭ በአብዛኛው ይመረጣል፤ በእርግዝና የመጀመሪያ ሦስት ወራት ግን ፕሮፒልታዮዩራሲል ይሻላል። መድኃኒቱን የሚወስድ ሰው ዓይኑ ቢጫ ከሆነ፣ ሽንቱ ከጠቆረ ወይም በቀኝ የጎድን አጥንት ሥር ሕመም ከተሰማው መድኃኒቱን አቁሞ ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ይኖርበታል።

ሌሎች የሆርሞን ችግሮች

በስኳር በሽታ፣ በተለይ ሰውነት ለኢንሱሊን በሚገባ በማይታዘዝበት ዓይነት፣ ስብ በጉበት ውስጥ ይከማቻል፤ ሲቆይም ወደ ጉበት ጠባሳ ሊያመራ ይችላል። ኤስትሮጅን ያለባቸው የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብሎች በአንዳንድ ሴቶች የሐሞትን ፍሰት ያዘገያሉ። በኢትዮጵያ በስፋት የሚሰጠው የሦስት ወር መርፌ ኤስትሮጅን የለበትም።

ምርመራ

በገጠር የዓይን ቢጫ መሆን «የወፍ በሽታ» ይባላል፤ ብዙ ሰውም መጀመሪያ የሚሞክረው የባህል መድኃኒት ነው። ይሁን እንጂ ቢጫነት ምልክት እንጂ አንድ በሽታ አይደለም። መነሻው በኢትዮጵያ ለቆየ የጉበት በሽታ ዋና ምክንያት ከሆኑት አንዱ የሆነው ሄፓታይተስ ቢ፣ የሐሞት ጠጠር፣ መድኃኒት ወይም ታይሮይድ ሊሆን ይችላል። አንዳንድ ዕፅዋት ደግሞ ራሳቸው ጉበትን ይመርዛሉ። ስለዚህ እንቅርት ያለበት ሰው ዓይኑ ቢጫ ሲሆን የሄፓታይተስ፣ የጉበትና የታይሮይድ ምርመራዎች አብረው ቢደረጉለት መነሻውን ለመለየት ይረዳል። ከባድ የጉበት ሕመም የታይሮይድን የደም ውጤት ስለሚያዛባ ውጤቱ ከምልክቶቹ ጋር ተገናዝቦ ይታያል።

መከላከል

አዮዲን ያለበትን ጨው መጠቀም ዋናው መከላከያ ነው። አዮዲን በፀሐይ፣ በእርጥበትና በሙቀት ስለሚባክን ጨው በተከደነ ዕቃ ይቀመጣል፤ ወጥ ውስጥም መጨረሻ ላይ ይጨመራል። ጨውን ማጠብ አዮዲኑን ያስወግዳል። ለሄፓታይተስ ቢ ክትባት አለ፤ በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ለሕፃናት በሚሰጠው ባለ አምስት ክትባት ውስጥ ተካቷል።