ስለ ሠፈር ቃላት መውደቅና መነሣት

የኢጣልያ ሰዎች ራስን «ቴስታ» ይሉታል። ቃሉን የወረሱት ከሮማይስጥ፥ ማለት ከላቲን ቋንቋ ነው፤ ነገር ግን በጥንቱ ሮማይስጥ ቴስታ ማለት የሸክላ ዕቃ ወይም የተሰበረ ገል ነበረ እንጂ የሰው አካል ስም አልነበረም። የራስ ስም «ካፑት» ነበረ፤ ባለቅኔዎችና የሕግ ዐዋቂዎችም ይህንኑ ይጽፉ ነበር። ተራው ሕዝብ ግን በቀልድ የባልንጀራውን ራስ እንደ ማሰሮ ቈጥሮ ቴስታ ይለው ጀመረ። ቀልዱም ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ ቀልድነቱ ተረሳ፤ እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በ476 ዓ.ም. የምዕራብ ሮም መንግሥት ከወደቀ በኋላም የማሰሮው ስም በሕዝቡ አፍ ኖረ። ዛሬ ፈረንሳዊው «ቴት» ኢጣልያዊውም «ቴስታ» ሲል ማሰሮን የሚያስብ የለም።

የፈረስም ነገር እንዲሁ ነው። «ኤኩስ» የተባለው የተከበረ ስም ከሕዝቡ አፍ ጠፍቶ፥ የመናኛ የጭነት ፈረስ ስም የነበረው «ካባሉስ» ወራሽ ሆነ። ከዚሁ ከመናኛው ፈረስ ስም ደግሞ «ካቫሊዬሬ» የሚባለው የኢጣልያ የክብር ማዕረግ ወጣ። ከጋማ ከብት ስም ሹመት መውጣቱ ያስቃል፤ ነገር ግን የኢትዮጵያውም ባልደራስ ከፈረስ ጋጣ የራቀ አይደለም።

ቴስታ ከኢጣልያኖች አፍ ወደ ዐማርኛ በገባ ጊዜ ሦስተኛ ትርጕም አገኘ። በአዲስ አበባ ልጆች ዘንድ ቴስታ ማለት በግንባር መምታት ነው፤ ኳስን በራስ መግጨትም በዚሁ ስም ይጠራል። ሸክላ የነበረው ራስ ሆነ፥ ራስ የነበረው ምት ሆነ።

እንዲህ ከጭቃ ተነሥተው የከበሩ ቃላት እንዳሉ፥ ከክብር ወርደው ስድብ የሆኑም አሉ። ባላገር ማለት ባለ አገር፥ አገርና ምድር ያለው ሰው ማለት ነው። ከተማ ሲሰፋ ግን ምድር የሌለው ከተሜ ምድር ያለውን ሰው በዚሁ ስም ይሰድበው ጀመር። በአሮጌ ደብዳቤና በዐዋጅ ውስጥ ይህን ቃል የሚያገኝ ወጣት በዛሬው የመንገድ ትርጕም ቢፈታው፥ በአክብሮት የተጻፈውን ንቀት ያደርገዋል፤ የሞቱትንም ሰዎች ያልተናገሩትን ያናግራቸዋል። ይህ ቀላል ስሕተት አይደለም።

ስሕተቱም የአንድ አገር ብቻ አይደለም። የእንግሊዝኛው «ቪለን» ዛሬ ክፉ ሰው ማለት ሲሆን፥ ሥሩ በሮማይስጥ «ቪላ»፥ ማለት የእርሻ ቤት ነው፤ ገበሬው በጌቶቹ አፍ ወንጀለኛ ሆኖ ቀረ። «ፓጋኑስ» የሚለውም ቃል የገጠር ሰው ማለት ነበረ። የሮም ወታደሮች ደግሞ በራሳቸው ቋንቋ ወታደር ያልሆነውን ሁሉ ፓጋኑስ ይሉት ነበር፤ ከዚያም በአራተኛው ምእት ዓመት የምዕራብ ክርስቲያኖች ጣዖት አምላኪውን በዚሁ ስም ጠሩት። ካህናት በየዕለቱ የሚያነቡት «አረማዊ» የሚለውም ቃል ታሪኩ ተመሳሳይ ነው፤ በሶርያ ክርስቲያኖች ዘንድ የአራም ሕዝብ ስም የነበረው የአሕዛብ መጠሪያ ሆነ፥ ወደ ግእዝም በዚሁ ትርጕም ገባ። እንግዲህ የሠፈር ቃል የሚባለው ከመቅደስ በር ውጭ ብቻ የሚኖር አይምሰል።

የአዲስ አበባ ዋናው ምሳሌ ግን አራዳ ነው። ከተማው በ1879 ዓ.ም. ከተቈረቈረ በኋላ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የቆመው ገበያ አራዳ ይባል ነበር፤ በጎንደርም በዚሁ ስም የሚጠራ ሠፈር አለ። በገበያው የሚውል ሰው ዋጋ ያውቃል፥ አይታለልም፤ ስለዚህ የቦታው ስም የብልኅ ሰው ስም ሆነ፥ ያልነቃውም «ፋራ» ተባለ። ጠላት አገሩን በያዘበት ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ዘመን ኢጣልያኖች ገበያውን ወደ ምዕራብ አዛውረው መርካቶ አሉት። ገበያው ሄደ፥ ቃሉ ቀረ።

ከሌላው ሰው ለመሰወር ሆን ተብሎ የተበጀ ንግግርም አለ። ቮልፍ ሌስላው የተባለው ሊቅ የአዝማሪዎችን፥ የነጋዴዎችንና ዛር አለብን የሚሉትን ሰዎች የምስጢር ንግግር መርምሮ፥ ጥናቱን እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በ1964 ዓ.ም. በአንድ መጽሐፍ ሰብስቦ አሳትሟል። እነዚህ ሰዎች የታወቀውን የዐማርኛ ቃል ፊደል እየጨመሩና እየለወጡ ሌላው እንዳይሰማው ያደርጉት ነበር። በጌታው ግብር ላይ ቆሞ ከባልደረባው ጋር መመካከር ለሚያስፈልገው አዝማሪ ይህ ጋሻው ነበረ። ይህን ከቅኔ ጋር የሚያመሳስሉ አሉ፤ ግን ልዩነቱ ሰፊ ነው። ቅኔ ወርቁን በሰም የሚሸፍነው አስተዋይ ፈልጎ እንዲያገኘው ነው፤ የምስጢር ንግግር ግን የሚሸፍነው እንዳይገኝ ነው።

ሲገኝም ነፍስ ያስከፍላል። እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በ1455 ዓ.ም. በዲዦን ከተማ «ኮኪያር» የተባሉ ወንበዴዎችና ሐሰተኛ ገንዘብ ሠሪዎች ለፍርድ ቀረቡ። አንድ ፀጉር አስተካካይ የምስጢር ቃላቸውን ፍች ለዳኞች ገለጠ፥ ቃላቱም በመዝገብ ተጻፉ። ከሰዎቹ አንዳንዶቹ በሞት ተቀጡ። ዛሬ ሊቃውንት ያንን መዝገብ የሚፈልጉት ለወንጀሉ ሳይሆን ለቃላቱ ነው፤ ወንበዴዎቹን የከዳው ሰው ሳያስበው መዝገበ ቃላት ጻፈ።

በዘመናችን ግን ወጣቶች በስልክ ስለሚጻጻፉ፥ ቴስታ በብዙ መቶ ዓመት የሄደውን መንገድ አንድ ቃል በጥቂት ዓመታት ይጨርሰዋል። የአሜሪካ ጥቍሮች «ዎክ»፥ ማለት የነቃ፥ የሚሉት ቃል ነበራቸው፤ በ1938 እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር ሌድ ቤሊ የተባለው ዘፋኝ ወገኖቹ ከሚደርስባቸው ግፍ እንዲጠነቀቁ ሲመክር በዚሁ ቃል ነቅታችሁ ኑሩ ብሏል። በ2017 በእንግሊዝ ታላቁ የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት ውስጥ በዚህ ትርጕሙ ገባ፤ ከዚያ ወዲያ ብዙ ሳይቆይ በተቃዋሚዎች አፍ መዘባበቻ ሆነ። የአራዳ ልጆችም ከነሱ ሳይማሩ፥ በግእዝ «ነቅሀ» ከሚለው ግሥ በመጣው «ነቃ» ላይ ተነሥተው ብልኁን «ነቄ» ይሉታል። ይህኛው እስካሁን ምስጋና ነው።