ስለ አውራሪስ ቀንድና ጥርስ የጥንት ሊቃውንት ያደረጉት ምርምር

በከተማችን በዶሎ ኦዶ አንድ አዛውንት ጥቁር እጀታ ያለው የቆየ ጩቤ አላቸው። እጀታው ከዊይል ቀንድ የተሠራ ነው ይላሉ። ዊይል በሶማሊኛ አውራሪስ ማለት ነው፤ ቦረናዎችም ወርሴሳ ይሉታል። ከጓደኞቼ ጋር ሄደን፣ «አዴር፣ ከእጀታው ጥቂት ፍቀን በእሳት እንሞክረው፤ እንደ ጸጉር ይሸት እንደ ሆነ ለማወቅ ነው» ብለን ለመንናቸው። እሳቸውም፣ «ጸጉር ማሽተት ከፈለጋችሁ የራሳችሁን አቃጥሉ፤ የአባቴን ጩቤ ተዉት» ብለው መለሱን። ስለዚህ ነገሩን ከመጻሕፍት መፈለግ ግድ ሆነብኝ። ከዚህ በታች የሚነገሩት ዓመታት በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

የአገራችን ሊቃውንት ይህን እንስሳ በግዕዝ አርዌ ሐሪስ ብለው ጠርተውታል፤ አርዌ ማለት አውሬ ነው። ጀርመናዊው ሂዮብ ሉዶልፍ በ1681 ባሳተመው የኢትዮጵያ ታሪክ ይህን ስም ጽፎታል። በዚያ ጊዜ አውሮፓውያን ስለ አውራሪስ መልክ የሚያውቁት በአብዛኛው ከአልብሬኽት ዱሬር ሥዕል ነበር። ዱሬር በ1515 የሣለው እንስሳውን በዓይኑ ሳያይ፣ ሌላ ሰው ከላከው ደብዳቤና ንድፍ ተነሥቶ ነው። ቆዳውን እንደ ብረት ጥሩር አደረገው፤ በትከሻውም ላይ የሌለ ትንሽ ቀንድ ተከለበት። ይህ ሥዕል ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ሲገለበጥ ኖረ። በኋላ ክላራ የተባለች የህንድ አውራሪስ ከ1741 እስከ 1758 በአውሮፓ ከተሞች ስትዞር ሕዝቡ እውነተኛውን መልክ አየ። ሠዓሊው ኡድሪ በ1749 በፓሪስ ሣላት፤ ቡፎንም በታላቁ የተፈጥሮ ታሪክ መጽሐፉ ውስጥ በዚሁ ሥዕል ተጠቀመ። የህንድ አውራሪስ ግን ቀንዱ አንድ ነው፤ ቆዳውም ትልልቅ እጥፋት አለው። የእኛ አገር አውራሪስ ሁለት ቀንድ አለው፤ ቆዳውም እንዲህ ያለ እጥፋት የለበትም።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1772 መጀመሪያ፣ ጎንደርን ለቅቆ ወደ ስናር ሲሄድ፣ ጨርቂን በተባለው ቆላ ከወይዘሮ አስቴር ልጅ ከአይቶ ኮንፉ ጋር ለአደን ወጣ። በዚያም አውራሪስ ሲታደን አየ። በ1790 መጽሐፉን ባሳተመ ጊዜ የአውራሪስ ሥዕል አወጣ፤ ነገር ግን ሥዕሉ ከቡፎን መጽሐፍ የተወሰደው የህንዱ አውራሪስ ነበረ፣ ከነቆዳው እጥፋት! የተለወጠው ሁለተኛ ቀንድ መጨመሩ ብቻ ነው። ሄንሪ ሶልት በ1814 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ስሕተት አጋለጠ። ያላየውን የሣለ ዱሬር ይቅር ሊባል ይችላል፤ አይቶ የመጣ ሰው እንዲህ ሲያደርግ ግን ምን ይባላል? ሆኖም ለብሩስ ፍርድ እንዳላጓድል፣ ጽሑፉ ከሥዕሉ የተሻለ ነው ማለት አለብኝ። እንስሳው ዛፍ በቀንዱ ሰንጥቆ እንዴት እንደሚበላ፣ ከዝንብ ለመዳንም በጭቃ ውስጥ እንደሚንከባለል ጽፎአል።

ጥርሱን በሚገባ የመረመረው የሆላንዱ ሐኪም ፔትሩስ ካምፐር ነው። ከዚያ በፊት ሊኔየስ በ1758 ባለ ሁለት ቀንዱን አውራሪስ ለብቻው ስም ሰጥቶት ነበር፤ ነገር ግን አገሩ ህንድ ነው ብሎ ጻፈ። ካምፐር ከደቡብ አፍሪካ ከኬፕ የመጣ ራስ አግኝቶ ቀደደና ምርመራውን በ1782 አሳተመ። የእስያው አውራሪስ የፊት ጥርስ ሲኖረው የአፍሪካው የለውም፤ ያለው መንጋጋ ብቻ ነው። ስለዚህ ልዩነቱ በቀንድ ቍጥር ብቻ ሳይሆን በአጥንትም ታወቀ። ስዊድናዊው ስፓርማንም በ1775 በዚያው አገር የተገደሉ አውራሪሶችን ለክቶ፣ ሆዳቸውን ከፍቶ የበሉትን አየ። የእኛው ጥቁር አውራሪስ የፊት ጥርስ ባይኖረው አይቸገርም፤ ሾጣጣው የላይኛው ከንፈሩ እንደ ጣት የግራሩን ቅርንጫፍ ይዞ ወደ መንጋጋው ያቀርብለታል። በዳዋና በገናሌ ዳር ያለውን እሾኻም ቍጥቋጦ ያየ ሰው ይህ ከንፈር ምን ያህል እንደሚጠቅም ይገባዋል።

የቀንዱ ነገር ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ያስደንቃል። የበሬ ቀንድ ውስጡ አጥንት ስላለው፣ አጥንቱ ሲወጣ ባዶ ሆኖ ዋንጫ ይሆናል። የአውራሪስ ቀንድ ግን በውስጡ አጥንት የለበትም፤ በአፍንጫው ሻካራ አጥንት ላይ ከቆዳው የሚበቅል፣ እንደ ጥፍርና እንደ ጸጉር ካለ ነገር የተሠራ ድፍን ነው። ለጎራዴና ለጩቤ እጀታ የተመረጠውም ድፍንና ጠንካራ ስለ ሆነ ይመስለኛል። በ2006 የአሜሪካ ተመራማሪዎች በራጅ መሣሪያ አይተው በመካከሉ ካልሲየምና ሜላኒን የተባለው ቀለም እንደሚከማች አገኙ። መካከሉ ስለሚጠነክር ዳር ዳሩ እየተፋቀ ጫፉ ይሾላል።

ከቀንድና ከጥርስ ወጣ ብዬ አንድ ነገር ልጨምር። በለንደን የእንስሳት ማኖሪያ የሞተውን የህንድ አውራሪስ ሪቻርድ ኦዌን ሲቀድድ በአንገቱ ውስጥ ትንሽ ዕጢ አገኘና በ1850 አስታወቀ። ይህ ፓራታይሮይድ የሚባለው ዕጢ በሰው ውስጥም መኖሩን ሳንድስትረም የጻፈው በ1880 ነው።

የአገራችን አውራሪስ ግን በእጀታው ምክንያት ጠፋ ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። አሜሪካዊው ዶናልድሰን ስሚዝ በ1894 እና በ1895 በኦጋዴንና በቦረና በኩል ሲያልፍ አውራሪስ አግኝቶ ገድሎአል። በ1970ዎቹ ደግሞ ቀንዱ ለጩቤ እጀታ በብዛት ወደ የመን ይሄድ ነበር። የዓለም ንግዱ በ1977 ቢከለከልም፣ ከጎንደር ቆላ እስከ ደቡብ ምሥራቅ ኢትዮጵያና ሶማሊያ ይኖር የነበረው ዓይነት ዛሬ ፈጽሞ እንደ ጠፋ ተቈጥሮአል። ይህን ዓይነት ፈረንሳዊው ሌሶን በ1842 በብሩስ ስም «ብሩሲ» ብሎ ሰይሞት ነበር፤ ሥዕሉ ለተበላሸበት እንስሳ የሣለው ሰው ስም ተሰጠው።

የከተማችን አዛውንት አውራሪስ በዓይናቸው አይተው እንደ ሆነ ጠየቅኋቸው። አባታቸው እንዳዩ፣ እሳቸው ግን የእግሩን ዱካ እንኳ እንዳላዩ ነገሩኝ፤ ጩቤውንም ወደ ሰገባው መለሱት።