ስለ ተስቦ ስምና ትርጓሜው

የበሽታ ስም አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣው የበሽታው ምክንያት ሳይታወቅ ነው። ስለዚህ ስሙ የሚገልጸው የሕመሙን ባሕርይ ሳይሆን ስም አውጪው ያየውን ነው።

አውሮፓውያን ታይፈስ የሚሉት ቃል መነሻው የጽርእ «ቲፎስ» ነው፤ ትርጓሜውም ጢስ ማለት ነው። በሂፖክራጥስ ስም በሚጠሩት የሕክምና መጻሕፍት ውስጥ ግን አእምሮን እንደ ጢስ የሚሸፍነውን ድንዛዜ ያመለክታል። ፈረንሳዊው ሐኪም ቧሲዬ ደ ሶቫዥ በ1760 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ይህን ቃል ለበሽታው ስም አደረገው። ትኩሳት የጸናበት ሰው ዓይኑ ፈዞ፥ ቃሉ ተምታቶ የተመለከተ ሁሉ ስሙ እንዳልተሳሳተ ይረዳል።

የአማርኛው ስም ግን የሚመለከተው ሌላውን ወገን ነው። ተስቦ «ተሳበ» ከሚለው ግሥ ጋራ የሚሄድ ቃል ነው። በሽተኛው ተጐትቶ መውደቁን ያሳያል ቢባል አያስነቅፍም፤ ሆኖም በሽታው ከአንዱ ወደ አንዱ እየተሳበ መሄዱን ያሳያል ማለት ይበልጥ ይስማማል፤ ቃሉ ለአንድ ሕመም ብቻ ሳይወሰን ለሌላም ተላላፊ ትኩሳት ሲነገር ኖሯልና።

ችግሩም የሚነሣው ከዚሁ ነው። ታይፎይድ ማለት «ታይፈስ መሰል» ማለት ነው። አሜሪካዊው ሐኪም ጌርሃርድ በፊላደልፊያ በ1837 ሁለቱ ልዩ ልዩ በሽታዎች መሆናቸውን ቢያስረዳም፥ ስማቸው እንደ ተቈራኘ ቀረ። ጀርመኖች ዛሬም «ቲፉስ» ሲሉ ታይፎይድን ማለታቸው ነው፤ ተስቦን «የነቍጥ ትኩሳት» ይሉታል። በአማርኛም ታይፎይድ የአንጀት ተስቦ ይባላል። ነገሩ የቃላት ጨዋታ አይደለም፤ አንደኛው በተበከለ ውሃና ምግብ፥ ሁለተኛው በልብስ ቅማል የሚተላለፍ ስለ ሆነ፥ አንዱን የሚከለክለው ጥንቃቄ ሌላውን አይከለክልም።

የቅማሉን ነገር የገለጸው በቱኒስ ይሠራ የነበረው ሻርል ኒኮል ነው። በሽተኞቹ ከሆስፒታሉ በር ውጭ ሳሉ ሰውን ያስይዛሉ፤ ልብሳቸውን የሚቀበሉና የሚያጥቡ ሠራተኞችም ይታመማሉ። ታጥበው፥ ልብስ ለውጠው ከተኙ በኋላ ግን በአጠገባቸው የተኛ ሰው አይያዝም። እንግዲያስ የሚያስይዘው ከልብሱ ጋራ በደጅ የሚቀር ነገር ነው። ኒኮል በ1909 በዝንጀሮዎች ላይ ፈትኖ አረጋገጠው፤ በ1928ም የኖቤልን ሽልማት ተቀበለ። በኋላ እንደ ታወቀው፥ ጀርሙ የሚወጣው ከቅማሉ ዓይነ ምድር ጋራ ነው፤ ሰውየው ሲያክ ራሱ ወደ ቍስሉ ያስገባዋል።

ጀርሙንም ሮሻ ሊማ በ1916 ሪኬትሲያ ፕሮቫዜኪ ብሎ ሰየመው። ሪኬትስ በ1910 በሜክሲኮ ከተማ፥ ፕሮቫዜክ በ1915 በጀርመን አገር፥ ሁለቱም ተስቦን ሲመረምሩ በተስቦ ሞተዋል።