የቆሼ መሬትና የባለቤቱ ፊርማ

እኔ በምሠራበት ባንክ መስኮት፣ ደንበኛ ከሒሳቡ አንድ ብር ለማውጣት ቢሻ አስቀድሞ መፈረም አለበት። ፊርማው ካልተመሳከረ ገንዘቡ አይንቀሳቀስም። በቆሼ በኩል ባለፍሁ ቁጥር ታዲያ አንድ ጥያቄ ይመላለስብኛል፤ የሕዝብ የተባለ መሬት ሲንቀሳቀስ ፈራሚው ማን ነው?

ጥያቄው የቆየ ነው። ደርግ በሐምሌ 1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ የሚመክርበት ፓርላማ አልነበረም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬትን የመንግሥትና የሕዝብ አደረገ፤ በአንቀጽ 43 ደግሞ ዜጎች አካባቢያቸውን በሚነኩ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ የመጠየቅ መብት እንዳላቸው ደነገገ። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513ም የአካባቢው ኅብረተሰብ በዕቅዱ እንዲሳተፍ ያዛል።

ቅሬታዬ እንግዲህ በሕጎቹ ቃል ላይ አይደለም፤ ቃሉስ መልካም ነው። ቅሬታዬ ነገሩ ከላይ ተረቅቆ፣ ከላይ ጸድቆ፣ ገንዘቡም ተመድቦ ካለቀ በኋላ ሕዝቡ ለመስማት ብቻ በመጠራቱ ነው።

ሰንዳፋን እናስታውስ። ከ50 ዓመት በላይ የአዲስ አበባን ጥራጊ የተሸከመው ቆሼ ተዘግቶ እንዲያገግም ታስቦ፣ በፈረንሳይ የልማት ድርጅት እገዛ ሰንዳፋ ላይ አዲስ ማስወገጃ ተሠራ፤ በ2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ገበሬዎቹ ግን ተቃወሙ። በወራት ውስጥ በሩ ተዘጋ፤ መኪኖቹም ወደ ቆሼ ተመለሱ። ገንዘቡ ነበረ፤ አዋጁም ነበረ፤ የጎደለው የገበሬው እሺታ ነበር።

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቅዳሜ ምሽት የቆሼ ክምር ተናደ። ከ110 በላይ ሰዎች አለቁ፤ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ያኔ 547ቱም መቀመጫዎች በገዢው ግንባርና በአጋሮቹ የተያዙበት የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የ3 ቀን ብሔራዊ ሐዘን አወጀ። ሐዘኑ ተገቢ ነበር። ግን በሕይወት ሳሉ ያልተጠየቁ ሰዎች፣ ከሞቱ በኋላ የምክር ቤት አጀንዳ ሆኑ። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ከቆሻሻ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ጣቢያ እዚያው ረጲ ተመረቀ።

ወደ መስኮቴ ልመለስ። ባለቤቱ ሳይፈርም ገንዘብ የሰጠ ሠራተኛ፣ ገንዘቡ ለበጎ ሥራ ዋለ ብሎ አያመልጥም። አዋጅም እንዲሁ ቢሆን እመኛለሁ።

ሕጉ ሲጻፍ ቀርተን፣ ሳንሰማ ሳንጠየቅ፣
አፈር ሲጫነን ነው፣ ስማችን የሚታወቅ።