ቲቸር፣ ክላሽ ልግዛ?

ባለፈው ሳምንት ማታ አንድ የድሮ ተማሪዬ በሜሴንጀር ጻፈልኝ። ዛሬ እሱም መምህር ሆኖ አምባሰል ገጠር ውስጥ ያስተምራል። ሰላምታውን በቅጡ ሳይጨርስ «ቲቸር፣ ክላሽ ልግዛ ወይስ ሥራውን ልልቀቅ?» አለኝ። የማይታወቁ ሰዎች ሌሊት ት/ቤቱ ድረስ መጥተው ዘበኛውን አስፈራርተው ሄደዋል። ወዲያው መልስ አልሰጠሁትም። ለሌሎቻችሁም ይሆናል ብዬ መልሴን እዚህ ጻፍኩት።

መጀመሪያ አንድ ነገር ልመን። እኔ መሣሪያ የሚጠላ ቤት ውስጥ አላደግኩም። የአያቴ ምንሽር ምሰሶው ላይ ተሰቅሎ እያየሁ ነው ያደግኩት። ስለዚህ «መምህር ይታጠቅ» የሚለውን ሰው እብድ ነው አልልም። ግን የታሪክ መምህር ነኝና ከደጃችን ልጀምር።

ሐይቅ እስጢፋኖስን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ገብተው ትልቅ ት/ቤት ያደረጉት ገዳም ነው። አቡነ ተክለ ሃይማኖትም እዚያ እንደተማሩ ይነገራል። ያን ጊዜ እንደዛሬው በእግር አይገባም ነበር፤ ደሴት ነው፣ አጥሩ ውሃው ነው። እ.ኤ.አ. በ1531 ገደማ የኢማም አህመድ ጦር ሐይቅ ደረሰ። የዘመቻውን ታሪክ የጻፈው አረብ ፈቂህ እንደሚተርከው፣ ጦሩ ውሃውን ሊሻገር ሲዘጋጅ መነኮሳቱ ቤተ ክርስቲያኑ እንዳይቃጠል ብለው ሀብቱን አስረከቡ። ጀግንነት አይመስልም አይደል? ግን በኢየሱስ ሞዓ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1280 ገደማ የተጻፈው ወንጌላቸው እስከ ዛሬ አለ። ወርቁ ሄደ፣ መጽሐፉ ቀረ።

በዚሁ በአምባሰላችን ግሸን አለች። ነገሥታቱ ወንድ ዘመዶቻቸውን የሚያስቀምጡባት፣ ገደል ያጠራት፣ ወታደር የሚጠብቃት አምባ ነበረች። የኢማሙ ጦር መጀመሪያ ሞክሮ አልቻላትም። እ.ኤ.አ. በ1540 ገደማ ግን ወደቀች፤ ጠባቂውም የሚጠበቀውም አብሮ አለቀ። ይሄን ያነሳሁት የሃይማኖት ቁስል ለመነካካት አይደለም፤ እኔ ክፍል ውስጥ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አንድ ዴስክ ላይ ነው የሚቀመጡት። ማለት የፈለግኩት ይህን ነው፤ ምሽግ ሲወድቅ ውስጡ ያለው ሁሉ እንደ ተዋጊ ይቆጠራል።

ሁለት ታሪክ ሕግ አይሆንም፣ ራሴ ክፍል ውስጥ የምለው ነው። እንግዲያው በእኛ ዘመን የተሞከረበትን አገር እንይ። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 2014 ፓኪስታን፣ ፔሻዋር ውስጥ ታጣቂዎች አንድ ት/ቤት ገብተው ከ140 በላይ ሰው ገደሉ፤ አብዛኞቹ ተማሪዎች ናቸው። የክፍለ ሀገሩ መንግሥት መምህራን መሣሪያ እንዲይዙ ፈቀደ። በ2015 ስዋት ውስጥ አንድ መምህር ሽጉጡ ባርቆበት የገዛ ተማሪውን ገደለ። በጃንዋሪ 2016 ደግሞ ባቻ ካን ዩኒቨርሲቲ ሲጠቃ የኬሚስትሪ መምህሩ ሰይድ ሀሚድ ሁሴን በሽጉጡ ተኩሶ ተማሪዎቹ እንዲያመልጡ ጊዜ ሰጣቸው። እሱ እዚያው ወደቀ። ይሄን ሰው ሳላከብር አላልፍም። አንዱ ሽጉጥ ልጅ አዳነ፣ ሌላው ልጅ ገደለ።

«የሠለጠነ ሰው ቢይዘውስ?» ትሉኝ ይሆናል። አሜሪካ፣ ቴክሳስ፣ ዩቫልዴ ላይ እ.ኤ.አ. ሜይ 2022 አንድ ወጣት 19 ሕፃናትና 2 መምህራን ሲገድል 376 የታጠቁ የሕግ አስከባሪዎች ወደ ቦታው መጥተው ነበር። ተሰብረው እስኪገቡ ድረስ ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀ። ሥራቸው መተኮስ የሆነ ሰዎች እንዲህ ከሆኑ፣ ጠመኔ የያዘ እጅ ምን ይሆናል?

የእኛ ነገር ደግሞ ከሁለቱም ይለያል። እኛ ጋ የሚመጣው አንድ እብድ አይደለም፤ ቡድን ነው። ዛሬ አንዱ፣ ነገ ሌላው። መሣሪያው ራሱ ተፈላጊ ነው፤ ክላሽ ያለበት ቤት ሌሊት ይንኳኳል። መምህር ሲታጠቅ ሁሉም ወገን «የማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ደብተር የያዘ መምህርን እንኳ እየጠየቁት ነው። በክልላችን ከ4 ሚሊዮን በላይ ልጆች ከትምህርት ውጭ የሆኑበት አንዱ ምክንያት ይሄው አይደል?

በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ጦርነቱ በሐይቅ ካለፈ በኋላ ክፍሌን ለማየት ሄድኩ። ዴስኩ ተማግዷል፣ ሮስተሩ መሬት ላይ ተበትኗል። በዚያ ንዴት መሣሪያ ቢያቀብሉኝ እቀበል ነበር፣ አልዋሽም። ቀዝቀዝ ስል ግን ራሴን ጠየቅኩ፦ ያን ቀን ክላሽ ቢኖረኝ የትኛውን ዴስክ አድን ነበር?

ስለዚህ ለተማሪዬ እንዲህ አልኩት። አትግዛ። ግቢው ውስጥ አትደር። ሮስተሩን ኮፒ አድርገህ ሌላ ቦታ አስቀምጥ። የአካባቢውን ሽማግሌ፣ ሼኹንም ቄሱንም ይዘህ ወላጅ ሰብስብ፤ ት/ቤቱ የመንደሩ እንጂ የማንም ወገን አለመሆኑን እነሱ ይናገሩ። ከመጡ ኮምፒውተሩንም ገንዘቡንም ስጥ። ወርቁን ስጥ። ልጆቹን ይዘህ መሸሽ ካለብህ ሽሽ። ሥራውን ብትለቅም አልፈርድብህም።

ት/ቤትን የመጠበቅ ዕዳ መሣሪያ የያዘው ሰው ነው እንጂ የመምህሩ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 ኦስሎ ላይ የወጣው የአስተማማኝ ት/ቤቶች መግለጫም የሚለው ይህንኑ ነው፤ ተዋጊዎች ከትምህርት ቤት ይራቁ፣ ለጦርነት አይጠቀሙበት።

«እሺ ቲቸር» አለኝ። ተስማምቶ ይሁን አክብሮኝ አላወቅኩም። ገጠር የምታስተምሩ ልጆቼ፣ እናንተስ ምን ትላላችሁ? የት/ቤታችሁን ስም ኮሜንት ላይ አታንሱ፣ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። እኔም ተሳስቼ ከሆነ ንገሩኝ።